አባቴ የተነቃነቀበት ፎቶ

የጋለ አቧራ ሲሸተኝ የአጎቴ ፕሮጀክተር ትዝ ይለኛል። ለሰርግ የሚያከራየው አሮጌ ዕቃ ነበር፣ አምፖሉ ሲግል ውስጡ የተጠራቀመው አቧራ እየተቃጠለ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ሳሎናችንን በጠረኑ ይሞላው ነበር።

በሻዕባን ወር ሰርግ ስለሚበዛ ዕቃውን በዓይናችንም አናየውም ነበር። ረመዳን ሲገባ ግን ሰርጉ ይቆምና አጎቴ ከነካሜራው አምጥቶ እኛ ቤት ያስቀምጠው ነበር፣ እኔም ወሩን ሙሉ እጫወትበታለሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ የእናቴን ድሪያ ቀሚስ አበባዎች ፎቶ አንስቼ የእህቴ ፊት ላይ አበራቸውና መልሼ ፎቶ አነሳት ነበር። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ካሜራው ለስምንት ሰከንድ ክፍት መቆየት ነበረበት፣ በዚያ መሃል የተነቃነቀ ሰው ይደበዝዛል።

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ዓመት ረመዳን የገባው ሙቀቱ መተንፈሻ በሚያሳጣበት ወቅት ነበር። አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፣ ሥራው ከቆመ ወዲህ ግን ስለ ባቡር አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። በሃያ ዓመቱ ባቡሩ አጠገብ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ፊቱ ላይ አብርቼ፣ ዓይን ከዓይን ገጥሞ እንዲወጣ ፈለግሁ። ያንን ወጣት መልሼ የማመጣለት መስሎኝ ነበር።

ከዙህር ሶላት በኋላ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። አምስት ስቆጥር ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በር ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። አባቴ ወዲያው ዞሮ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወአለይኩሙ ሰላም፣ አዴ፣ ግቢ» አላት።

ፎቶው ላይ ሁለት ፊት ነበረው፣ አንዱ ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ በሩ ያየ። እጁ ደረቱ ላይ ስስ ብርሃን ሆኖ ቀርቷል፣ የወጣቱ ፊት ደግሞ ጆሮው ላይ ወድቋል።

«አባ፣ ስምንት ሰከንድ እንኳ መቀመጥ ያቅትሃል?»

«አቦ፣ አዴን በር ላይ አቁሜ ዝም ልበላት? ይደገማላ።»

ፎቶውን እያየኝ አጠፋሁት። በሩን ዘግቼ ስንደግመው እንደ ጥፋተኛ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ። በአራተኛው ሙከራ ዓይን ከዓይን ገጠመ። ያ ፎቶ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት ትቻለሁ። በእሱ ፈንታ ያጠፋሁት ይቆጨኛል።

ካቻምና ስትሮክ ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወሰደበት። ባለፈው ረመዳን የራሴን ካሜራ ይዤ፣ ያንኑ መስኮት ጋርጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ያኔ አትነቃነቅ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር፣ አሁን ግን እንደዚያ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። በመሃል አዴ ፋጡማ በምርኩዝ መጥታ፣ እንደ ድሮዋ በር ላይ ሰላምታ አቀረበች። የአባቴ ዓይኖች ብቻ ወደ በሩ ሄዱ። እጁ ጭኑ ላይ እንዳለ ነበር።

ቆጠራውን ተውኩት።

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ አዴ፣ ግቢ» አልኳት በእሱ ፈንታ።