ሐጂ ያላስነኩት ሽንፈት

ወደ ክፍሉ ከማስገባታቸው በፊት እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጩልን። ፖሊሱ ጓንቱን አጥልቆ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ በሽታው ከእኛ ዘሎ እንዳይይዘው ከሩቅ ነበር የሚረጨው። ከዚያ ለሁለት ሰው እንኳን በማይበቃ ክፍል ውስጥ ስድስት አድርጎ አስገባንና ቆለፈ። ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር የመስቀል ምልክት ተለጥፏል፤ ተራርቀን የምንቀመጥበት መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንደ ጨዋ ተማሪ ምልክታችን ላይ ተቀመጥን። በማግስቱ ፕላስተሩን ልጠን የተቀደደውን ፍራሽ ጠገንንበት።

ጆሃንስበርግ ሎክዳውን ውስጥ ከገባች ብዙም አልቆየችም። እኛ በምንነግድበት ሰፈር የውጭ ሰዎች ሱቅ ይዘጋ ተባለ፤ የሀገሬው ሰዎች ክፍት ነበር። ዳቦና ወተት የምንሸጥ ሰዎች ማስካችንን አድርገን፣ ተራርቀን፣ አቤት ለማለት አንድ የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ቆምን። አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። መሰብሰብ ክልክል ነው ብለው በቫን ጫኑን። አብዛኛውን ሰው ቶሎ ለቀቁት። የቀረነውን የያዙን አንድ ነገር ለማወቅ ነበር፤ ሰዉን ማን ጠራው?

የጠራሁት እኔ ነኝ። በዋዜማው በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ልኬ ነበር፤ የት እንደምንገናኝ፣ ማስክ እንዲደረግ፣ እንዳይጮኽ። ስሜን አልተናገርኩም። ስልኬንም ቫኑ ከሩቅ ሲመጣ ሳይ የመንገድ ቱቦ ውስጥ ጣልኩት። መልእክቱ ግን ከሰው ሰው ዞሮ መርማሪዎቹ እጅ ገብቷል።

ሀገር ቤት የሬዲዮ ስፖርት አዘጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን በኳስ ዜና መሀል ስለታሰሩ ባልደረቦቼ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ለነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ታሰርኩ፤ ስፈታ ተሰደድኩ። ጆሃንስበርግ ላይ የስደተኛ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፤ የሚያድሰው ቢሮ ደግሞ በሎክዳውኑ ተዘግቷል። ሰብሳቢው እኔ መሆኔ ከታወቀ፣ በረራ በተከፈተ ማግስት ወደ ሀገር ቤት ነበር የሚጭኑኝ። እዚያ የሚጠብቀኝን ክፍል ደግሞ አውቀዋለሁ።

ከስድስታችን ሁለቱ ማላዊያን፣ አንዱ ዚምባብዌያዊ፣ አንዱ ባንግላዴሻዊ ነበሩ። አማርኛ የምንናገረው እኔና ሐጂ ብቻ ነን። ሐጂ ከስልጤ የመጡ፣ ዳቬይተን ውስጥ በጅምላ የሚያከፋፍሉ ትልቅ ሰው ናቸው። በኮካ ጠርሙስ ከምትሰጠን ውሃ ለሶላት ውዱ የምትበቃ ያህል ቆጥበው የቀረውን ለእኛ ይተዋሉ። ፖሊሶቹ ሁላችንንም «ማይ ፍሬንድ» ነበር የሚሉን፤ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ደንበኛ ባለሱቁን እንደሚጠራው። ስም የጠየቀን አልነበረም፤ ለእኔ ደግሞ ይሄ ደግ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ፣

«ሀገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ።

«ስለ ኳስ አወራ ነበር።»

«ለሱም ይከፍላሉ?»

«አንዳንዴ።»

ሳቁ። በዕድሜያቸው አንድ ጨዋታ ብቻ እንዳዩ ነገሩኝ። የመጡ ሰሞን ነው፤ የሚሸጥ ብርድ ልብስ ተሸክመው ሎኬሽን ለሎኬሽን፣ ቤት ለቤት የሚዞሩበት ጊዜ። በዚያ ቀን ተዘርፈዋል፤ ፊታቸው አብጧል። ማታ ቤሪያ ሰፈር ያለው፣ ከብዙ ሰው ጋር የሚኖሩበት ክፍል ሲገቡ ልጆቹ ቴሌቪዥን ከበው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ያያሉ። አንደኛው ቡድን የጀርመን ነው።

«ጀርመኖቹ ተሸነፉ» አሉኝ ሐጂ። «በመጨረሻዋ ፍጹም ቅጣት ምት። የሳታት ልጅ ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ዓለም እያየው። እኔም ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ወላሂ፣ ከተዘረፍኩ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። ከዚያ ልጁ ተነሳ። እኔም በማግስቱ ብርድ ልብሴን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የኔ ክለብ እነሱ ናቸው።»

የክለቡን ስም እዚህ አልጠራም። የማንንም ስም ሳልጠራ የሱን ብቻ መጥራት ደስ አይለኝም። ክለቡን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ሬዲዮ ላይ የክለቦችን የአውሮፓ ጉዞ የምተርክበት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፤ የእነሱን ታሪክ ደግሞ በደስታ ነበር የማዘጋጀው፤ ዋንጫ ላይ ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ክለብ ወሬው ይጣፍጣል።

«እንግዲያው እዚያች ማታ ድረስ አድርሰኝ» አሉ ሐጂ። «እንዴት እዚያ እንደደረሱ አላውቅም። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦና ሻይ ከተሰጠን በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ግድግዳው ላይ ትንሽ ስትወድቅ፣ አንድ አንድ ዘመን እተርካለሁ። መጀመሪያ አውሮፓ ሲወጡ ከምሥራቅ በኩል ከመጣ ቡድን ጋር ጭቃ ላይ ተጫውተው ገና በመጀመሪያው ዙር መባረራቸውን። በሌላ ዘመን በሜዳቸው አሸንፈው፣ በመልሱ ተሸንፈው፣ ተጋጣሚያቸው በእነሱ ሜዳ ባገባት ጎል ተበልጠው መቅረታቸውን። ሐጂ እያንዳንዱን ሽንፈት እንደ ቤተሰብ መርዶ ነው የሚሰሙት፤ ይተክዙና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ማላዊያኑ አማርኛ ባይሰሙም ድምፄ ከፍ ሲል «ጎል?» ይሉኛል። አዎ ስል ያጨበጭባሉ።

«ዘንድሮስ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ዘንድሮም አውሮፓ ናቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጫወቱ፤ የመልሱ በበሽታው ምክንያት ተቋረጠ።»

«መቼ ነው ታዲያ የመልሱ?»

«አይታወቅም ሐጂ።»

«እንደኛ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ስህተቴ የመጣው ወደ ፍጻሜው የደረሱበት ዘመን ላይ ነው። ሩብ ፍጻሜው ነበር፤ የመጨረሻው ደቂቃ፣ ማዕዘን ምት። የት እንዳለሁ ረሳሁት። ከፍራሹ ተነሳሁና እንደ ድሮዬ፣ ማይክራፎን ፊት ለፊት እንዳለ ሰው፣ የየዓረፍተ ነገሩን ጫፍ እየጎተትኩ አስተላለፍኩት። ጎሉ ሲገባ ማላዊያኑ ዘለሉ። ሐጂ ግን አላጨበጨቡም። አፌን ነበር የሚያዩት። ከዋትስአፑ መልእክት ላይ ያንን ድምፅ እንደ ሰው ሁሉ ሰምተውታል፤ የማን እንደሆነ ግን እስከዚያች ደቂቃ አላወቁም ነበር።

«ውሃ ጠጣ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከአሁን ወዲያ በሹክሹክታ ይበቃናል። እኔ ቅርብ ነኝ።»

በማግስቱ ሐጂን ለምርመራ ወሰዷቸው። የመልእክቱ ድምፅ የማን እንደሆነ የተናገረ እንደሚለቀቅ መርማሪዎቹ ቀድመው ነግረውናል። ሐጂ ዳቬይተን ላይ የታመሙ ሚስት ብቻቸውን ትተዋል፤ የሚንከባከባቸው ሰው የለም። እኔ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቢናገሩ አልፈርድባቸውም እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንዳይናገሩ ነበር የምጸልየው፤ የታመሙት ሚስታቸው ትዝ አላሉኝም።

ሲመለሱ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ድምፅ አሰሙኝ» አሉ።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ጆሮዬ ጥሩ አይደለም አልኳቸው።»

ቀጥለው ጫማቸውን አወለቁና ግድግዳውን ተደገፉ። «የት ደርሰን ነበር?» አሉኝ። በሹክሹክታ ግማሽ ፍጻሜውን ጀመርኩ።

መርማሪዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከበራችን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ወንበር አስቀመጡና አስተርጓሚያቸውን አስቀመጡበት። ሀበሻ ነው፤ ወጣት፣ ጥቁር ማስክ ያደረገ። ስልኩን የሚነካካ ይመስላል፤ ጆሮው ግን እኛ ዘንድ ነው። እኔ ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሰው እጁን ኪሱ ይከታል፣ ፊቱን ይሸፍናል፤ ድምፁን ግን የት ያደርገዋል? ውሃ ለመጠየቅ እንኳን ለዚምባብዌያዊው በምልክት ነበር የምነግረው። ሐጂም ስለ ፍጻሜው አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ከዚያ ሐጂ ማሳል ጀመሩ። እንዳይሰማ ብርድ ልብሱን እየነከሱ ነበር የሚያስሉት፤ ያሳለ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ስለሚወሰድ። በኋላ ግን ትኩሳቱ አልደበቅ አለ። አንድ ረፋድ ላይ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው አወጧቸው። አምቡላንሱ አልደረሰም፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። መርማሪው ከአንድ በኩል፣ አስተርጓሚው ከሌላው በኩል፣ ሁለቱም ሸሽተው ቆመዋል። በበሩ ፍርግርግ በኩል ይታዩኛል። ወንበሩ ላይ አንሰው ነበር፤ ኮፍያቸው ወደ አንድ በኩል አጋድሏል፣ የሚያቃናላቸው የለም።

በሹክሹክታ «ሐጂ፣ አይዞዎት» አልኩ። ዞር ብለው አዩኝ።

«አልሰማህም» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ጆሮዬ ጥሩ አይደለም።»

ለአስተርጓሚው ብለው ይሁን፣ እውነትም ድምፄ ሳይሰማቸው ቀርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው እዚያች ማታ ድረስ እንዳላደረስኳቸው ነው። ሹክሹክታ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ፍርግርጉን በሁለት እጄ ያዝኩና በሙሉ ድምፄ ጀመርኩ።

አስተርጓሚው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ቡድኖቹ ሲገቡ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጀርመኖቹ ሲቀድሙ፣ ሲቆጠርባቸው፣ ተጨማሪው ሰዓት ሲያልቅ፣ አንድም ሳላስቀር ተረኩት። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ ስደርስ ፊታቸውን አየሁና አንጀቴ አልቻለም። የመጨረሻዋን ልጁ እንዲያገባት አደረግኩ። «መታ፣ ገባች፣ ጀርመኖቹ ዋንጫውን...» ስል ሐጂ እጃቸውን ከጭናቸው ትንሽ አነሱ።

«ሳተ» አሉ።

«ሐጂ...»

«ሳተው። አይቼዋለሁ። በትክክል ንገረኝ።»

ለእኔ ሲሉ ዋሽተዋል፤ ለራሳቸው ግን እንድዋሽላቸው አልፈቀዱም።

«ሳተ» አልኩ። «ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ጀርመኖቹ ተሸነፉ። ልጁ ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«ከዚያ ተነሳ።»

«ከዚያ ተነሳ ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መርማሪው ወደ አስተርጓሚው ዞሮ «ምን እያለ ነው?» አለው በእንግሊዝኛ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። አየኝ። ከማስኩ በላይ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ድምፁን እንዳወቀው ግን አልተጠራጠርኩም።

«ኳስ ነው» አለ። «የድሮ ጨዋታ።»

«ማን አሸነፈ?»

«ጀርመኖቹ ተሸነፉ።»

«ኤይሽ» አለ መርማሪው። አምቡላንሱ መጣ፤ ሐጂን ወሰዷቸው።

ሆስፒታል ውስጥ ብዙም አልቆዩም። መሞታቸውን የነገረን ዳቦ የሚያቀብለን ፖሊስ ነው፤ «ያ ሽማግሌው ማይ ፍሬንድ» ብሎ። ማላዊያኑ ከእኔ ጋር አለቀሱ። ሚስታቸውን ከተፈታሁ በኋላ ሄጄ አገኘኋቸው፤ ጎረቤት ደርሶላቸው ተርፈዋል። እኔን ማስረጃ የለም ብለው ሎክዳውኑ ሲላላ ለቀቁኝ። የመልሱ ጨዋታ በባዶ ስታዲየም ተደርጎ ክለቡ ወድቆ ነበር፤ ያንን ለሐጂ የምነግርበት መንገድ አልነበረም።

ዛሬ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ዘራፊ ስለምንፈራ የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን ነው፤ ደንበኛው ውጭ፣ እኔ ውስጥ። መጀመሪያ ሰሞን ብረቱን ሳይ ደረቴ ይጨንቀኝ ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን ይጨንቀኛል። በቅርቡ አንድ ወጣት መጥቶ ዳቦ ጠየቀኝ። ፊቱን አላውቀውም። ድምፁን ግን ወዲያው አወቅሁት፤ «ኳስ ነው» ያለበትን ድምፅ። እሱም ማወቄን አወቀ መሰለኝ፣ ዳቦውን ይዞ አልሄደም።

«የሐጂ ክለብ ዘንድሮ አውሮፓ ላይ የት ደረሰ?» አለኝ በመጨረሻ።

ከጀርባው ደንበኞች ተሰልፈው ነበር። ፍርግርጉን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ ሁሉም ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ በሙሉ ድምፄ ነገርኩት፤ አንዱንም ሽንፈት ሳልቀንስ።