ሙሽራውን በር ላይ ያስቀሩት ስፒከሮች

ዛሬ እዚህ አሶሳ ሁለት ስፒከሮች ሲሰዳደቡ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ቀረላችሁ!

የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ነበር። እንደ ወጋችን ሚዜዎቹ ሲመጡ የሴቷ ወገን በዘፈን እየተረበ በር ይዘጋል፤ እነሱም በዘፈን ይመልሳሉ። ያሳቀን ይገባል።

ሁሌ የሚመሩን እትዬ ዘነበች ናቸው። ዛሬ ግን የሙሽሪት ወንድም "እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ዘፈኑን በኤአይ አሠርተነዋል" አላቸው። ቅር ብሏቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

ለካ ሚዜዎቹም በኤአይ አሠርተው መጥተዋል! የኛ ስፒከር ይሳደባል፣ የነሱ ይመልሳል፤ እኛ እንደ ኳስ ተመልካች እጃችንን አጣምረን ቆመናል። የሳቀ የለም፤ በሩን የከፈተም የለም። ሙሽራው ከነሱፉ በሙቀት ቀለጠ።

ከባምባሲ የመጡት አጎቱ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እንግባ ወይስ እንመለስ?" አሉ።

ሙሽሪት ከውስጥ ጮኸች፦ "እትዬ ዘኑ፣ በእናትዎ ያስገቡልኝ!"

እትዬ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፦
"ሚዜው ተሸቀርቅሮ በሰው ሱሪ መጣ፣
ባለ ሱሪው ቤት ቀርቷል፣ ምን ለብሶ ይውጣ?"

ሚዜው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እውነት ነው፣ የወንድሜ ነው!" ብሎ በዜማ ሲያምን ልጃገረዶቹ እየተንከተከቱ ከፈቱለት።

ኤአይ ይዝፈን፣ አልከለክልም። እኔም ስልኬ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፄን የመልአክ አድርጎልኛል! ግን ተተርቦ የሚስቅ ሰው ከሌለ ሰርጉ የማን ነው?

እናንተስ ሰፈር ስፒከር ያበላሸው ወይም ያዳነው ሰርግ አለ? ጻፉልኝ፤ ሲጨፍር የዋለ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ እያነበብኩ ነው።