ዕዳ ይዞ ማደር

ኦ ቪቭ ሰፈር ያለው ካፌ አስተናጋጅ ዓብዱልሰመድን ስታይ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም፤ ወንበር እንኳ ጎትቶ አያውቅም፣ አንሥቶ ነው የሚያዞረው። ችግሩ ሁለት ሻይ አዝዞ በክሬዲት ካርድ መክፈሉ ላይ ነው። ለሁለት ሻይ ብላ ያንን ከባድ የካርድ ማተሚያ ከመሳቢያ አውጥታ፣ ወረቀቱን ደርባ፣ ግራና ቀኝ መግፋት አለባት። እሱ ደግሞ ደረሰኙን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ይሄድና የሁለቱን ሻይ ዋጋ ወደ ካርዱ ሒሳብ ያስገባል። በየቀኑ እንዲህ ነው። አንደኛው ሻይ የኔ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተኛል፤ በኔ ሻይ የተነሣ አንድ ትልቅ ሰው ፖስታ ቤት ሲሮጥ ማየት አልወድም።

"ጥሬውን ከፍለህ ለምን አትገላገልም?" እለዋለሁ።

"ካርዱ መሥራት አለበት፣ አስፋ።"

"እየሠራህ ያለኸው አንተ ነህ እንጂ ካርዱ አይደለም።"

ይስቃል፤ ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ይነሣል።

ስለራሴ ብዙ የሚነገር የለም። ከአዲስ አበባ ወጥቼ እዚህ ጄኔቭ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት መዛግብት ክፍል ውስጥ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። ከማንም ተበድሬ አላውቅም፤ ያበደርኩትም የለም። ሌላው ኒሻኑን ደረቱ ላይ እንደሚሰቅል እኔ ይህን እሰቅላለሁ። የዓብዱልሰመድ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ ዕዳ አንኮታኩቶታል።

የደሴ ልጅ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ዲፕሎማት ሾፌር ሆኖ መጣ፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ዲፕሎማቱ ተመለሰ፣ እሱ ቀረና ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዘይቱናን አገባ፤ ሉበናን ወለዱ፤ ቬርኒየ ውስጥ ሌ ሊኞን በሚባለው ማለቂያ የሌለው ረጅም ሕንፃ ላይ ቤት ተከራዩ። ኑሮ ደህና ሲመስለው፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ላይ፣ አዲስ ጥቁር መኪና በዱቤ ገዛ። ወለድ እንዳለበት ያውቃል፤ ስንት ጊዜ እምቢ ብሎ በመጨረሻ ፈረመ። በዓመቱ ሥራ ቀዘቀዘ። ወርሃዊ ክፍያው አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ደግሞ ዘለለ፤ ኦፊስ ዴ ፑርስዊት የሚሉት የዕዳ ማስፈጸሚያ መሥሪያ ቤት ስሙን መዝገብ ላይ አሰፈረ፤ አንድ ጠዋት መኪናዋን ጎትተው ወሰዷት። የዚያ ሕንፃ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ አየ። ሉበና ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እሷም አየች።

ዘይቱና አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር ይላል እሱ። ልጇን ይዛ ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ ወደሚኖረው ወንድሟ ዘከሪያ ዘንድ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ዓብዱልሰመድ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወደ አንዲት ክፍል ወርዶ፣ የሆቴል አንሶላ የሚያመላልስ የልብስ ንጽሕና ቤት መኪና መንዳት ጀመረ። ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈለ። ስዊዝ ግን ቶሎ አትረሳም፤ ከከፈለም በኋላ ስሙ መዝገቡ ላይ ቆየ። ልጁን በዒድ በዒድ በስልክ ያገኛታል። "ዒድ ሙባረክ አባዬ፣ ሳ ቫ?" ትለዋለች፤ "አልሐምዱሊላህ" ይላታል፤ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ያጣሉ። ያቺን ጸጥታ ሲያወራልኝ የሆነ ቦታ እንደሚያመው ሰው ነው።

በዘጠና ሰባት መገባደጃ ላይ ዘከሪያ ደወለለት። ሉበና ፈሃድ ለሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ታጭታለች፤ ሠርጉ ለመጪው መስከረም ዙሪክ ነው። "አንተ በባቡር ና፤ ጣቢያ ሰው ይቀበልሃል። ሙሽሪትን እኔ በመርሴዲሴ አመጣታለሁ፤ በዚህ አትጨነቅ" አለው። ዘከሪያ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ይመልስለት ነበር፤ ደግ ሰው ሲያዋርድህ ግን ምን ትላለህ? ኒካሑ ላይ ወሊዋ፣ ፈቅዶ የሚድራት ማለት፣ አባቷ ነው፤ ያንን ማንም አይነጥቀውም። ዓብዱልሰመድ የፈለገው ሌላ ነው። የአባቷ ጥቁር መኪና ሲጎተት ያየች ልጅ፣ አባቷ በሚነዳው ጥቁር መኪና ወደ ሠርጓ እንድትሄድ ፈለገ።

እንዲህ ያለ መኪና የሚያከራየው ድርጅት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ክሬዲት ካርድ፣ ያውም ለመያዣ የሚበቃ የብድር ጣሪያ ያለው አምጣ ይላል። ስሙ ለተበላሸ ሰው ባንኩ የሚሰጠው የጀማሪ ካርድ ነው፤ ገንዘብህን ዋስትና ታስቀምጣለህ፣ ጣሪያው ከአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ካርዱን በደንብ ከተጠቀምክበት ጣሪያው ከፍ ይልልሃል ተባለ። "በደንብ" ማለት ለዓብዱልሰመድ ዕዳ ሳያድር መክፈል ነው። የካፌውና የፖስታ ቤቱ ሩጫ የመጣው ከዚህ ነው።

ብርዱ ሲያልፍ ጣሪያው እንዲነሣለት ሊጠይቅ ባንክ ሄደ፤ እኔም አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ኮምፒዩተሯን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ኮምፒዩተሯን አየች።

"መስዬ፣ እርስዎ ካርዱን አይጠቀሙበትም" አለችው።

"በየቀኑ እጠቀማለሁ" አለና ደረሰኞቹን ሊያወጣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

"ሒሳቡ የሚዘጋው በወር አንዴ ነው። ሲዘጋ እርስዎ ላይ ዕዳ የለም። እንዲያውም አንዳንዴ ባለዕዳዎቹ እኛ ነን፤ የካፌው ወረቀት ሳይደርሰን የእርስዎ ገንዘብ ይደርሳል። ከኛ ተበድሮ የማያውቅ ሰው መልሶ እንደሚከፍል በምን እናውቃለን?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ትንሽ ይበደሩና የወሩ ሒሳብ እስኪመጣልዎ ይተዉት። ሲመጣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ይክፈሉ፤ ወለድ የለውም። ለጥቂት ወራት እንዲህ ያድርጉ፤ ጥያቄዎን እኔ ራሴ አቀርበዋለሁ።"

እኔ ዕዳው ገብስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዘወር ብዬ ሳየው ግን ግንባሩ አልቦታል። ወጥተን ሐይቁ ላይ ወዳለው ድልድይ ሄድን።

"አልችልም" አለኝ እዚያ ስንደርስ።

"ምኑን?"

"ዕዳ ይዤ ማደር።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"አስፋ፣ እኛ ዘንድ ጀናዛ ላይ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ሳይሰገድበት በፊት፣ ከዚህ ሰው የሚፈልግ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ከሟቹ ወገን አንዱ፣ ልጅ ይሁን ወንድም፣ ብድግ ብሎ ዕዳው በኔ ነው ይላል። ዕዳውን የሚያነሣለት ያጣ ሰው ነፍሱ ተንጠልጥላ ነው የምትቀረው። ሊኞን ውስጥ ዛሬ ማታ ብሞት፣ በኔ ነው የሚል ማን አለ?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተማ ክርስቲያን ነህ፤ ውጭ ነው የምትቆመው። ደግሞ በዕድሜ ትበልጠኛለህ፤ ቀድመኸኝ ነው የምትሄደው።"

ተናደድኩ። እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። "ልጅ አለችህ አይደል? ለሷ ንገራት" አልኩት።

"ይሄ በስልክ ምን ተብሎ ይነገራል?"

"አፍህን ከፍተህ ነዋ፣ እንደ ሰው።"

ያን ዕለት ሻያችንን እንደ ወትሮው በካርዱ ከፈለ፤ ፖስታ ቤት ግን አልሄደም። ቤቱ ገብቶ፣ ሰግዶ፣ ስልኩን አነሣ። የተባባሉትን በማግስቱ ሻያችን ላይ አንድ በአንድ ነገረኝ።

"አባዬ? ዛሬ ዒድ ነው እንዴ?" አለች ሉበና።

"አይደለም። ዕዳ አለብኝ።"

"አንኮር?" አለች። እንደገና? ማለቷ ነው። ያ መኪና ዓይኗ ላይ እንደመጣ ገባው።

"ሁለት ሻይ ነው" አላት ቶሎ ብሎ። የባንኩንም የጀናዛውንም ነገር አስረዳት፤ ጣሪያው ለምን እንደሚያስፈልገው ብቻ ደበቃት። "ካደርኩ እከፍለዋለሁ። ካላደርኩ አንድ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ነው።"

"አባዬ፣ አንተ አትሞትም። ማለት... ዛሬ አትሞትም።" አለችና ቀጠለች። "እሺ፣ በኔ ነው። እንዲህ ነው የሚባለው?"

"እንዲህ ነው" አላት። ተኛ።

በማግስቱም ዕዳ ስለነበረበት ደወለ። ዕዳው ሁለት ሻይ፣ ደግሞ ሁለት ሻይ፣ ደግሞ የጫማ ቀለም እያለ ወሩን ሙሉ ይጠራቀማል፤ እሱም ያንኑ ሳይደብቅ ማታ ማታ ይነግራታል። "ዛሬስ ስንት ነው?" ማለት ጀመረች። "በኔ ነው" ካለችው በኋላም ስልኩ አይዘጋም። ዲቤንዶርፍ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ አንድ ሽማግሌ እኅቴ ነሽ እያለ እንደማይለቃት ነገረችው። እሱም ስለ ደሴ፣ ስለ ጦሳ ተራራ፣ ስለ እናቱ ነገራት። በሚያዝያ ስለ ሻይ የጀመረ ወሬ በሰኔ ሻዩን ረስቶ ነበር። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ይከፍላል፤ በማግስቱ ሻይ በካርድ ይጠጣል፤ ማታ ይደውላል። ሰውየው ፊቱ ተመለሰ። እኔ ቀናሁ መሰለኝ፤ ካፌው ውስጥ ስለ ሉበና ብቻ ሲያወራ እየሰማሁ ስኳሩን አለልክ አማስል ነበር።

የባንኳ ሴት ቃሏን ጠበቀች። በነሐሴ ደውላ ጣሪያው ተነሥቶልዎታል አለችው። በመስከረም፣ ገና ሳይነጋ፣ ጥቁሩን መኪና ይዞ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ኮት አድርጓል፤ መሪውን የያዘው ሕፃን ልጅ እንደታቀፈ ሰው ነው። ሎዛንን አልፈን፣ በርንን አልፈን ዲቤንዶርፍ ስንደርስ የዘከሪያ መርሴዲስ አበባ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሉበና ነጭ ለብሳ ወጣች፤ ጥቁሩን መኪና ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኪራይ ነው" አለ ዓብዱልሰመድ። "ግን በኔ ስም ነው።"

በረንዳ ላይ ሆና ያቺን መኪና የሸኘች ልጅ ምን እንዳሰበች አላውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ዘይቱና "ደህና ከረምክ?" አለችውና ከወንድሟ ጋር መርሴዲሱ ውስጥ ተቀምጣ ከኋላ ተከተለችን። መንገድ ላይ ሉበና ከኋላ ወንበር፣ "አባዬ፣ ሻዩ ለዚህ ነበር?" አለች። እሱ መንገዱን እያየ ነዳ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ እንባውን አይቻለሁ።

ከሠርጉ በኋላ የመኪናውን ሒሳብ ከፈለ። ካርዱ ሥራውን ጨረሰ። ዓብዱልሰመድ ሻዩን በጥሬ መክፈል ጀመረ፤ አስተናጋጇም ትስቅለት ጀመር። ግን የሚደውልበት ምክንያት አለቀ። የአዲስ ሙሽሮች ቤት በየማታው ምን ተብሎ ይደወላል? ዕዳ የለበትም፤ ዒድ ሩቅ ነው። እሷም አልደወለችም፤ አዲስ ትዳር፣ አዲስ ቤት ነው፤ አይፈረድባትም። ሻዩን ሳይጨርስ መነሣት አመጣ። ብቸኝነት አብሮን እንደ ሦስተኛ ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ሁለታችንም እናየዋለን፣ አንናገርም።

በኅዳር አንድ ዝናባማ ቀን ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አስተናጋጇ ተነፈሰች።

"ደግሞ ምን ልትከራይ ነው?" አልኩት።

"ምንም። ዛሬ ሻዩ ይደር" አለኝ። "ምስር ሠርቻለሁ፤ ና አብረን እንብላ።"

በአውቶብስ ሊኞን ሄድን፤ እንደገባን ወደ ሉበና ደወለ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ስልኩ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። ያነሣው ባሏ ፈሃድ ነበር።

"አባ፣ እርስዎ ነዎት? ሉበና የለችም፤ የዚህ ሳምንት ፈረቃዋ ስፔትዲንስት ነው፣ አምሽታ ነው የምትወጣው።"

"ምንም አይደል ልጄ። ለምንም አልነበረም" አለና ሊዘጋ ሲል፣

"ቆይ አባ። ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"ዕዳው። እኔ በሌለሁበት ከደወለ ስንት ነው ብለህ ጠይቀው፣ ከዚያ በኔ ነው በለው ብላኛለች። ከሥራ በገባች ቁጥር አባዬ ደወለ ወይ ትለኛለች። ዕዳ ከሌለበት አይደውልም ብላ እኮ ተስፋ ቆርጣ ነበር።"

ዓብዱልሰመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ሁለት ሻይ ነው" አለ በመጨረሻ።

"እሺ አባ። በሷ ነው። እሷ ከሌለች በኔ ነው።"

ምስሩን በላን። ጥሩ ምስር ነበር፤ ጨው ግን በዝቶበታል፤ ያንንም ነገርኩት። በአውቶብስ ወደ ኦ ቪቭ ተመልሼ፣ ኮቴን ሰቅዬ፣ ስልኬ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። የኔ ስልክ ሲደወል አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው። ከማንም ተበድሮ የማያውቅ ሰው ቤት ጸጥ ያለ ነው። እንዲያ ቁጭ ብዬ ነው ከሁለቱ ሻይ አንዱ፣ ያን ሁሉ ወር፣ የኔ እንደነበር ትዝ ያለኝ። ስልኩን አንሥቼ ደወልኩለት፤ እኔ ነኝ አልኩት።

"ምነው አስፋ፣ የረሳኸው ነገር አለ?" አለኝ ዓብዱልሰመድ።

"አዎ" አልኩት። "አንድ ሻይ አለብኝ።"