በብርሃኔ ሜዳ ዳር የተተከሉ ሰባት ችግኞች

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሁዳዴና በፍልሰታ፣ ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ። ያማሁትን፣ የተቆጣሁትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ይህችን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ዘልያታለሁ። እሳቸው "ሌላ የቀረ አለ፣ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባቴ" እላለሁ። ንስሐ ላይ ተንበርክኬ እዋሻለሁ ማለት ነው። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገረው ነው። ፊታችሁን ስለማላይ መሰለኝ የደፈርኩት።

ሚዛን ከተማ ተወልጄ እዚያው ሚዛን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የዚህ ሰፈር ጎልማሳ ግማሹ የኔ ተማሪ ነው፤ እስከ ዛሬ "ቲቸር" እያለ ከወንበር ይነሣልኛል። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ለቀበሌው ምክር ቤት ተመረጥኩ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። የበደልኩት የተከበርኩ ሰው ሆኜ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ከቤቴ ጀርባ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባዶ የመንግሥት ቦታ ነበረ። ባዶ ልበለው እንጂ ያልተጣለበት ነገር አልነበረም። የቡና ገለባ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተቀደደ ጫማ፣ አንዳንዴም የሞተ ውሻ። ዝናብ ሲጥል ላስቲኩ ሁሉ ተጠራርጎ በደጃፋችን ይወርዳል። እኔ ይህ ቦታ ጸድቶ የልጆች መጫወቻና የሽማግሌዎች ማረፊያ ይሁን ብዬ በእጄ ጽፌ ለምክር ቤቱ አስገብቼ ነበር። "ይታያል" ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ አስገባሁ፤ አሁንም "ይታያል"። ወረቀቴ ፋይል ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ እኔም ተውኩት።

ከዚያ ብርሃኔ መጣች።

ብርሃኔ ከቡታጅራ የመጣች፣ ከባሏ ጋር መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። በርበሬ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ክብሪት ትሸጣለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ማመልከቻ የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ እሑድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ማዳበሪያ ይዛ ወጣችና ላስቲኩን መልቀም ጀመረች። በሳምንቱ ሦስት ሴቶች አብረዋት ወጡ። በወሩ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። የኔ ተማሪዎች፣ እነዚያ እኔ አንድ ድንጋይ አንሡልኝ ብላቸው "እሺ ቲቸር" ብለው የሚጠፉት፣ ለሷ ጋሪ ሙሉ ድንጋይ ሲገፉ በዓይኔ አየሁ።

ፕላስቲኩን ለይታ ለቆራሌው እየሰጠች በምትኩ ቀለም ታመጣለች። ያረጀ የመኪና ጎማ እስከ ግማሹ ቀብራ፣ ቀይና ቢጫ ቀብታ መቀመጫ አደረገችው። ገለባውን አብስብሳ ለአበባው አፈር አወጣችበት። ሽማግሌዎቹ በለስላሳ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ሳይቀር ሠራች። በአንድ በጋ! እኔ በሁለት ማመልከቻ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ማዳበሪያ አገኘችው።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? የተመኘሁት እኮ ነው። ልክ እንደተመኘሁት ሆኖ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ተዘርግቶልኛል። ግን አንጀቴ አረረ። ልጆቹ ሲስቁ እየሰማሁ መስኮቴን እዘጋ ነበር። የልጄ ልጅ አንድ ቀን ቀሚሴን ይዛ "አያቴ፣ ብርሃኔ ሜዳ እንሂድ" አለችኝ። ብርሃኔ ሜዳ! ስም ወጥቶለታል ለካ። ስንቱን ልጅ እጁን ይዤ ስሙን መጻፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ በኔ ስም የተጠራ አንድ በርጩማ እንኳ በዚህ ከተማ የለም። ያን ቀን ልጅቷን ተቆጥቼ አስለቀስኳት። ቀናሁ። ቃሉን ላለሳልሰው አልፈልግም፣ ቀናሁ። እሷ "እትዬ ጸዳለ፣ ደህና አደሩ?" ስትለኝ ግን ፈገግ ብዬ እመልስላታለሁ።

በዚያው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቦታው የምክር ቤታችንን ሐሳብ ጠየቀ። ወይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ በካርታ ይጸናል፣ ወይም የመኖሪያ ቤት ማኅበር አቋቁመው ቦታ ሲጠብቁ ለነበሩ ሠራተኞች ይሰጣል። ሊቀ መንበራችን በስብሰባ ላይ "የብርሃኔን ሥራ ያያችሁት ነው፤ እኛ በወረቀት ያቃተንን በእጇ ሠራችው፣ መጽናቱ አይቀርም" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በወረቀት ያቃታት ማን እንደሆነች ግን እኔ ብቻ ነበርኩ የማስታውሰው።

አሁን ስለ ቡና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር ቡና መትከል መሬት መያዝ ነው። ቡና ቋሚ ተክል ስለሆነ ቦታው ሲፈለግ ካሳ ይጠየቅበታል። ስለዚህ መሬት ሊለካ ነው የተባለ እንደሆነ ተንኮለኛው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ቡና ይተክላል፤ ከዚያ "ይዞታዬ ነው" ይላል። ይህ ስላስቸገረን ብርሃኔ ከመምጣቷ በፊት ምክር ቤታችን ወስኖ ነበር። በጋራ ቦታ ላይ ቡና የተከለ እንደ ወራሪ ይቆጠራል፣ ከቦታውም ይነሣል። ያን ውሳኔ ስናጸድቅ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ብርሃኔ ግን የበርበሬ አገር ልጅ ናት። ይህን ከየት ታውቀዋለች?

አላወቀችም። እንደማታውቅም አውቅ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ጓሮዬ ካሉት እናት ቡናዎች ሥር የበቀሉ ሰባት ችግኞች መረጥኩ። ጤነኛ ጤነኛውን። ሥሮቻቸው እንዳይጎዱ ከነአፈራቸው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ይዤላት ሄድኩ፤ የምክር ቤት አባል ያመጣችው ስለሆነ የተፈቀደ ይመስላቸዋል፣ ማንም አያስጠነቅቃትም ብዬ። "ላደረግሽልን ሁሉ ከኔ ይህችን" አልኳት። "ለሽማግሌዎቹ ጥላ ይሆናቸዋል፤ ሲያብብ ደግሞ መዓዛውን ታይዋለሽ። ዳር ዳሩን፣ በመስመር ትከያቸው።"

ቡና ጥላ የሚፈልግ ተክል ነው እንጂ ለሰው ጥላ የሚሰጥ አይደለም፤ ይህን እዚህ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። በመስመር ዳር ዳሩን የሚተክለው ደግሞ ድንበሩን የሚያስከብር ባለቤት ነው። አንድም ቃል ሳላስብበት አልተናገርኩም። እሷ ግን ፌስታሉን ተቀብላኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እርስዎ ግን የማይወዱኝ ይመስለኝ ነበር፣ እትዬ" ብላ አቀፈችኝ። ጭቃ የነካው እጇ ጀርባዬ ላይ አርፎ ነበር። ለምን ያን ጊዜ ፌስታሉን መልሼ አልነጠቅኳትም? ለምን "ተሳስቻለሁ፣ ይህ አያዋጣሽም" አላልኩም? ጊዜ ነበረኝ። ሙሉ ክረምት ጊዜ ነበረኝ። በየጠዋቱ በመስኮቴ አያቸው ነበር፤ ቅጠላቸው እየሰፋ ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ቦታውን የሚያይ ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀ መንበሩ፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ሠራተኛና እኔ። ብርሃኔ ጎማዎቹን እንደገና ቀብታ፣ ንጹሕ ለብሳ ጠበቀችን። ሁለቱ ወንዶች ዳማ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው እያደነቁ ነበር፤ ሊጨርሱና ሊሄዱ ነው። እኔ ያን ቀን የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "በዚያኛው ዳርም እንዙር እንጂ" አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ችግኞቹ ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ቡና ነው" አለች ብርሃኔ ደስ ብሏት። "ሰባቱም ጸድቀውልኛል።"

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ያመሰገናት ሰው ስለነበር የተታለለ መሰለው። "መዝናኛ እያልሽ ይዞታ ልታወጪ ነዋ!" አላት። እሷ ምን እንደተባለች አልገባትም። እየዞረች ታየናለች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

በሳምንቱ ስብሰባው ላይ ተጠራች። አዳራሹ ሞልቷል፣ አብረዋት ላስቲክ የለቀሙት ሴቶች ሁሉ አሉ። ያ የቡናው ውሳኔ ተነበበላት። ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሊቀ መንበሩም አዝኖላት ነበር፤ መውጫ ሊሰጣት ፈልጎ "ችግኙን ማን ነው የሰጠሽ? የሰጠሽ ሰው ካለ ተናገሪ" አላት።

ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ዓይኗ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ፣ ቆየም። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረችና "ማንም አልሰጠኝም። ራሴ ገዝቼ ነው" አለች።

መናገር ነበረብኝ። ሴቶቹ ችግኙን ተሸክሜ ስሄድ አይተውኛል፤ እነሱም ዞረው አዩኝ፣ እኔ የምናገር መስሏቸው ዝም አሉ። አንዲት የምክር ቤት አባልና የብዙዎች አስተማሪ "እኔ ነኝ የሰጠኋት" ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ቦታው ለቤት ማኅበሩ እንዲሰጥ የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል፣ በጠመኔ ስንት ልጅ ያስተማርኩበትን ይህን እጄን አወጣሁ። ጸሐፊው ቆጠረን። እኔም ተቆጠርኩ።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ጎማዎቹ ተነቅለው መንገድ ዳር ተጣሉ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ቀን ዳማቸውን ይዘው በቆርቆሮው ጥግ ሲቆሙ አይቼ ነበር፣ ኋላ ቀሩ። ከብርሃኔ ጀርባ "መሬት ልትወር ነበር እኮ" ማለት ተጀመረ። ከሱቋ የሚገዛው ሰው ሳሳ። ባሏ እንኳ "ያላዋጣሽ ነገር ውስጥ ለምን ገባሽ" እያለ እንደሚቆጣት ራሷ ነገረችኝ። ማንን ልትነግር ትችል ነበር? እኔን ነው የነገረችኝ። ቤቴ መጥታ አልቅሳለች፣ እኔም እንባዋን ጠርጌላታለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይቀፈኛል።

በመጣች ጊዜ በቆርቆሮ ጣሳ ሰባቱን ችግኞች ይዛ ነበር፤ ንቀይ ስለተባለች ነቅላቸው ነው። "የእርስዎ ስጦታ ነው፣ ሜዳ ላይ ከሚደርቅ ብዬ ነው" አለችኝ። "ስምዎን ብጠራ በምክር ቤት ፊት ያሳፍርብኛል ብዬ ዝም አልኩ። በቅን ልብ የሰጡኝን አበላሸሁብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።" ይቅር ይበሉኝ! እሷ እኔን! እኔስ ምን አልኩ? "ግድ የለም" አልኳት። ይቅርታ አደረግኩላት።

አንዳንድ ቀን ራሴን ለማጽናናት እሞክራለሁ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ቤት ቆሟል፣ ኪራይ ያሰቃያቸው የነበሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ገብተውበታል፣ ቤትስ አያስፈልግም ወይ እላለሁ። ያስፈልጋል። እኔ ግን እጄን ያወጣሁት ለቤት አልነበረም። ያን ቀን የማንም ቤት ማጣት በሐሳቤ አላለፈም። ያወጣሁት "ብርሃኔ ሜዳ" የሚለው ስም እንዲጠፋልኝ ነው። ጠፋም። አሁን ልጆቹ አስፋልት ዳር ነው የሚጫወቱት፤ ባጃጅ ጥሩንባ ባሰማ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ችግኞቹ ጓሮዬ ውስጥ ናቸው። ስድስቱ ጸደቁ፣ አንዷ ደረቀች። ከሦስት ዓመት ወዲህ እያፈሩ ነው። እለቅማቸዋለሁ፣ አደርቃቸዋለሁ፣ ለብቻቸው በማዳበሪያ አስቀምጣቸዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ቆልቼ አልጠጣኋቸውም። ልሸጣቸውም አልቻልኩም። ብርሃኔ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ስሄድ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። "እትዬ፣ ቡናዎቻችን እንዴት ናቸው?" ትለኛለች። ቡናዎቻችን! "ደህና ናቸው" እላታለሁ፤ ሳሙናዬን ይዤ እወጣለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም፣ ይቅር ብትሉኝም ቀላል መውጫ ይሆንልኛል። የነፍስ አባቴም ቢሆኑ "መጀመሪያ ሄደሽ ለሷ ንገሪ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እስካሁን የዘለልኩትም ለዚሁ ነው። ዘንድሮ ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ አልቋል። ይህን ጽሑፍ እንደጨረስኩ ማዳበሪያውን ይዤ ወደ ሱቋ እሄዳለሁ፣ ደንበኞቿ ባሉበት ሰዓት፣ እነዚያ ሴቶችም በሚሰሙበት። ብትረግመኝ ትርገመኝ፣ ከዚያ በኋላ ቲቸር የሚለኝ ሰው ባይኖርም አይኑር። ሊቀ መንበሩ ያን ቀን የጠየቃት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

የሰጠኋት እኔ ነኝ።