የሙሽራዋ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ላንቻ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ጓደኛዋን «ስሎፑንና አንድ ነጥብ ብቻ ሰጥተውን የመስመሩን ኢኩዌሽን ከየት እናምጣ?» ስትላት ሳቄ አመለጠኝ። በዚሁ ጥያቄ ሰበብ አንድ ጊዜ ሙሽራ ላባርር ነበር ብላቸው ማን ያምነኛል?

ያኔ ካዛንቺስ ፀጉር ቤት እሠራ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ለገሃር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በገዛሁት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ራሴን አስተምራለሁ። ደንበኛ ካስክ ውስጥ ፀጉሯ ሲደርቅ፣ እኔ የፀጉር መጠቅለያውን ቢጎዲ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ገጽ እገልጣለሁ።

ጥር ነበር፤ የሠርግ ወር፤ ቀኑም ቅዳሜ። ቧንቧው ከተዘጋ ሁለት ቀኑ፤ ያለን ውሃ ጓሮ ታንከር ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሙሽራዋ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣለች። አራት ሰዓት ላይ እንጨት ነክሬ ስለካ ሰባ ሳንቲሜትር ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃው በሰዓት አሥር ሳንቲሜትር እንደሚወርድ አውቃለሁ። ስሎፕ ማለት ይኸው ነው፤ ስለሚወርድ ኔጌቲቭ አሥር። ሰዓቱን x፣ ውሃውን y ብዬ፣ ቅባቱ ያልደረቀ የፓስቲ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ y = −10x + 70።

«እትዬ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ያልቃል» አልኳቸው የቤቱን ባለቤት እትዬ ዘነቡን፣ በሙሉ ልብ።

«ኧረ ጉዴ! ሙሽራ በአረፋ ላስቀር? በቃ፣ ደምበል ጋ ወዳለው ፀጉር ቤት ትሂድ!» ብለው ስልኩን አነሱ።

ቁጥሩን ሲያዞሩ ወረቀቴን ደግሜ አየሁ። በx ቦታ አራት ሳስገባ ሠላሳ መጣ። ሠላሳ? አሁን የለካሁት እኮ ሰባ ነው! መስመሬ በለካሁበት ነጥብ አያልፍም። ሰባውን ያስቀመጥኩት ዜሮ ሰዓት ላይ ነበር፤ ማለትም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ሳይከፈት። ቶሎ ብዬ አስተካከልኩ፦ y − 70 = −10(x − 4)። ሲፈታ y = −10x + 110። ውሃው ዜሮ የሚሆነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

«ስልኩን ይዝጉት እትዬ! ተሳስቻለሁ፤ እስከ አሥራ አንድ ያደርሰናል።»

«አሁን ሰባት አላልሽም? ውሃ ነው ወይስ ሎተሪ?»

«አራቱን ሰዓት ሳልቀንስ ነው። ካለቀ ያባሩኝ።»

አፍጥጠው አዩኝና ስልኩን ዘጉ። «ብታሳፍሪኝ እንኳን ነገ፣ ዛሬም እዚህ አታመሺም!»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሙሽራዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሳለቀልቃት፣ እትዬ ዘነቡ ራሳቸው እንጨቱን ይዘው ጓሮ ወጡ።

«አሥራ አምስት!» ብለው ጮኹ። ወረቀቴም የሚለው አሥራ አምስት ነበር።

ዛሬ ሳስበው ከአሥራ አምስቷ ይልቅ የምኮራው፣ ወዲያ ማዶ ስልኩ ሳይነሳ «ተሳስቻለሁ» ለማለት አፌ ባለመያዙ ነው።