ምርቃት በእንግሊዝኛ

የልጅ ልጄ ስልኩን ስነጥቀው በእንግሊዝኛ ያጉረመርምብኛል። አንዱም አይገባኝም። የእኔ እንግሊዝኛ በጃንሆይ ጊዜ፣ ኮልፌ ስማር፣ ሦስት የንዴት ቃላት ላይ ቆሞ የቀረ ነው፤ ፊዩም፣ ሬጅ፣ ሲዝ። ጨስ፣ ንደድ፣ ብገን እንደማለት ነው።

ቃላቱን ባጠናሁ ሰሞን ቤት ያከራየን ሰውዬ መጣ። ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ደንቆሮ ነበር። «አንቺ! ዶሮሽ ጎመኔን ጨረሰችው። ነገ ቤቴን ልቀቂ!» ብሎ እናቴ ላይ ጮኸ። እሷ መሬት መሬት አየች። እኔ የሦስት ቃል ሊቅ ግን ፊቱ ተገትሬ፣

«ፊዩም! ሬጅ! ሲዝ!» አልኩት።

«ምን ይላል ይሄ?»

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የእኔን ዓይን ግን ታውቃለች።

«በፈረንጅ አፍ እየመረቀዎት ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። «አሜን! አሜን! የተማረ ልጅማ ከቤቴ አይወጣም» አለና እየተጎማለለ ሄደ።

እናቴ ጆሮዬን ቆንጥጣ «ምን አባክ ብለኸው ነው?» አለች። ስነግራት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «ተወው፤ አሜን ብሏል፣ ይድረሰው» አለች።

አሁን የልጅ ልጄ ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ነገር አጉረመረመብኝ። ቦርጬን እያሻሸሁ፣ ለማንኛውም «አሜን» አልኩት።