የዳሲቱ ወይራ

ጋሽ ሰቦቃ ዕድሜያቸውን የፈጁት የአቃቂን ሐዲድ ሲጠግኑ ነው። ባቡሩ ቆሞ ሐዲዱን ሣር ሲውጠውም ከጣቢያው ጀርባ ወደ ወንዙ የምትወርደውን የእግር መንገድ አልተዉም፤ እሾኋን ይመነጥራሉ፣ ቦይዋን ይጠርጋሉ። መንገዷን ያወጧት ከሐዲዱ ጋር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ናቸው። ልጅ የተወለደለት ሁሉ በዳሯ ዛፍ ይተክል ነበር። ጋሽ ሰቦቃም ለአንዲት ልጃቸው ለዳሲቱ ወይራ ተከሉ። ዳሲቱ ለወግ ለማዕረግ ሳትበቃ ታማ ሞተች፤ ወይራው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ተቀምጠው ያዋሩታል። ሰው አበዱ ቢላቸውም ደንታ የላቸውም።

አንድ ቀን ቅርስ እንመዘግባለን የሚሉ ወጣቶች መጡ።

«አባባ፣ ይቺ መንገድ ትከለላለች። ጎብኚ በእግሩ እየተዘዋወረ ዛፉንም ወፉንም ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት አለቆቻችንን ይዘን እንመጣለን» አሏቸው።

ጋሽ ሰቦቃ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። መንገዷ ከተከለለች ወይራውን ማንም አይነካውም። አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው። መንገዷ አፍ ላይ የድሮዎቹ ሰዎች ጋሪ እንዳይገባ ያጋደሟቸው ድንጋዮች አሉ። ታዲያ የተከበረ እንግዳ፣ ያውም አለቃ፣ ጭቃ እያቦካ ይግባ? ሰዎቹ በእግር ሊሄዱ እንደሚመጡ ተነግሯቸዋል፤ ግን እንግዳን ደጅ አስወርዶ ማስኳተን በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ዲጂኖ ይዘው ወጡና ድንጋዮቹን እየፈነቀሉ ወደ ዳር አንከባለሏቸው።

አለቆቹ በመኪናቸው እስከ ወይራው ገቡ። አመሰገኑ፣ ፎቶ ተነሡ፤ በዚህስ አይታሙም። ከዚያ በኋላ ግን ዝር አላሉም፤ ጋሽ ሰቦቃ ይመለሳሉ ብለው መንገዷን ክፍት ተዉላቸው። በከፈቱት መንገድ የመጣው ከግንባታ የተዛቀ አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና ነበር። ወንዙ ዳር ደፍቶ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መዞሪያ ሲጠባቸው ዛፎቹን ይቆርጡ ጀመር። ጋሽ ሰቦቃ ሳሪስ አቦ ለቅሶ ላይ ሰንብተው ሲመለሱ፣ በወይራው ቦታ ጎማ የሄደበት ጉቶ ጠበቃቸው።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አሉት አፈር ሊደፋ የመጣውን የገልባጭ ሹፌር።

«ይቅርታ አባባ፣ ክፍት ሆኖ አግኝተነው ነው የገባነው። የተዘጋ ቢሆን ማን ይገባ ነበር?»

በትሕትና መመለሱ ነው ያንገበገባቸው። ቢሰድባቸው በእሱ ይፈርዱ ነበር። አሁን የሚፈርዱበት ሰው ቢፈልጉ ከራሳቸው ሌላ አጡ።

በማግስቱ ዲጂኖውን ይዘው ወጡ። ድንጋዮቹን ወደ ድሮ ቦታቸው ይመልሱ ገቡ። ያያቸው ጎረቤት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ አለፈ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ተከትለው ደረሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ተረፈና ነው የምትዘጋው?»

ጋሽ ሰቦቃ ቀና አላሉም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩባት» አሉ። «በሯን ልዝጋላት።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ከጎናቸው ቆሙ። ሁለቱም ገፉ። ጋሽ ሰቦቃ ያኔ ብቻቸውን ያንከባለሉት የመጨረሻው ድንጋይ አሁን ለሁለት አልነቃነቅ አላቸው።